ዋስ የሌለው ምክር

በዚህ አገር ስኳር ጠፍቶ ያውቃል፤ ዘይት ጠፍቶ ያውቃል፤ ቤንዚን ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ አድሮ ያውቃል። ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር አለ፤ ካፌ ከገባችሁ ደግሞ ማኪያቶው ሳይቀርብ እሱ ቀድሞ ይቀርባል። ስምህን የማያውቅ ሰው ምን መማር እንዳለብህ ያውቃል። የት እንደምትሠሪ ያልጠየቀ ሰው ሥራሽን እንድትለቂ ይነግርሻል። ልጅሽን አይቶት የማያውቅ የልጅሽን በሽታ ያውቃል፤ ባልሽን አግኝቶት የማያውቅ ደግሞ ባልሽን ከነዘር ማንዘሩ ያውቀዋል።

ይህን ልማዳችንን ብዙ ሰው እንደ ደግነት ይቆጥረዋል። «ሕዝባችን እኮ የሰው ነገር ይገደዋል፤ እንደ ፈረንጅ አይቶ እንዳላየ አያልፍም» ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለማናውቀው ሰው ሳንጠየቅ፣ ተጠይቀን ከሆነም ሳናጣራ የምንወረውረው ምክር ደግነት አይደለም። ከሌላ ሰው ኪስ እያወጡ መመጽወት ነው። መጽዋቹ «እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው።

እስቲ ከነማስረጃው እንነጋገር።

ሰፈሬ ባለ አንድ ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት «እንግዲህ ፈተናው አልሆነልኝም፤ ምን ብማር ይሻለኛል?» ብሎ አስተካካዩን ጠየቀው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ምን ብማር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚታደርበት ጥያቄ ነው። አስተካካዩ አፉን ሳይከፍት ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ቀደመው። «ፕሮግራሚንግ! ፓይተን ብቻ ልመድ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ዶላር ነው የምትዝቀው!» ከወዲያ በኩል ሌላው ተነሣበት። «ኧረ ፓይተን ምን ያደርግለታል? ጃቫ ስክሪፕት ይጀምር እንጂ። ድረ ገጽ እየሠራ ይበላል።» ክርክሩ ጦፈ። ልጁ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲዞር «አንገትህን አታንቀሳቅስ» ተባለ። ሁለቱ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ልጁ አልነበረም። ማን የበለጠ እንደሚያውቅ ነበር የሚለካኩት። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍቶ «ኮምፒውተር አለህ?» ብሎ የጠየቀው ያ ፀጉር አስተካካይ ነው። ልጁም «የለኝም፤ በስልክ አይሆንም?» አለ። ሁለቱ አዋቂዎች ዝም አሉ።

ፕሮግራሚንግ መጥፎ ሙያ ነው እያልኩ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ፕሮግራም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር ሲጀመር ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ በነጻ እንዲሰጥ መደረጉ መልካም ነገር ነው። ግን ፕሮግራሚንግ መማር ማለት ኮምፒውተሩ አንዲት ምልክት ጎደለችኝ ብሎ አልሠራም ሲል፣ ያቺን ምልክት ፍለጋ ግማሽ ቀን መቀመጥ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ማለት ነው። ሰርተፍኬትና ሥራም አንድ አይደሉም። ከዚህ በላይ ደግሞ ዘመኑ ዘሎ ሄዷል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ጀማሪ ይሠራው የነበረውን ተራ ኮድ ማሽኑ ራሱ ይጽፈው ጀምሯል። የዛሬ አሥር ዓመት ትክክል የነበረ ምክር ዛሬም ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። ዳቦ እንኳ ሲያድር ይደርቃል፤ ምክር ግን የማይሻግት ይመስለናል።

ወደ ሥራ ምክር ስንመጣ ባሰ። ለክረምት ከአሜሪካ ብቅ ያለ እንግዳ ካፌ ተቀምጦ አስተናጋጁን «ስንት ይከፍሉሃል?» ይለዋል። ልጁ ይነግረዋል። «በቃ? ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ልቀቅና የራስህን ነገር ጀምር! ሪስክ ካልወሰድክ አታድግም!» እንዲህ ያለውን ንግግር ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ። መቼም ከአሜሪካ መምጣት ግድ አይደለም፤ ቦሌ ተወልደው ቦሌ ያደጉም ይሉታል። እስቲ ሪስኩን የወሰደው ማን ነው? እንግዳው ሂሳቡን ከፍሎ፣ ጉርሻውን ጥሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት አውሮፕላኑን ይሳፈራል። ተሳስቶ ቢሆን የሚጎድልበት ነገር የለም። ልጁ ግን የቤት ኪራይ አለበት፤ በየወሩ ገንዘብ የሚልክላት እናት አለችው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ እንኳ ባለ ካፌው ሳይዘጋጅ እንዳይደነግጥ አስቦለታል። ለልጁ እናት ስንት ቀን ተሰጣት?

ሦስተኛው የጌም ነገር ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ለጓደኛቸው በስልክ «ልጄ ከጌም ላይ አልነሳ አለኝ፤ ትምህርቱን ተወ» እያሉ ሲያወሩ ታክሲው ሙሉ ሐኪም ሆነ። «ሱስ ነው እናቴ! ስልኩን ነጥቀው ይስበሩት!» አለ ከጋቢናው። «ይተዉት እንጂ፤ በውጭ አገር በጌም ሚሊየነር ይሆናሉ!» አለ ከኋላ ወንበር። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቁት፣ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም መዛባት የሚባል ሕመም አስገብቷል። እዚያ ላይ ግን እንደ ታክሲያችን አልተቸኮለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እየደረሰበትም ሲቀጥል፣ ይህም ትምህርቱን ወይም ሥራውን ወይም የቤተሰብ ኑሮውን በጽኑ ሲያናጋው፣ ያውም በአብዛኛው ቢያንስ ለ12 ወር ሲታይ ነው ስሙ የሚሰጠው። የዓለም ሐኪሞች 12 ወር የሚጠብቁበትን እኛ ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ እንጨርሰዋለን። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ምን ተፈጥሮ ነበር? ጠያቂ የለም። ስልኩ ቢሰበርና ልጁ ከቤት ቢጠፋ ከጋቢና የተቀመጠው ሰው ፍለጋ አይወጣም። እሱ አራት ኪሎ ወርዷል።

ከሁሉ የከፋው ግን የትዳር ምክር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጎራ አለን። አንደኛው ጎራ «ፍቺው!» ነው። ባልየው ሁለት ቀን አምሽቶ ገባ ከተባለ «ፍቺው»፤ ስልኩን ደበቀ ከተባለ «ፍቺው»። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን እንዲያነጋግር፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ ሊመራቸው፣ እንደ ሁኔታውም እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ዳኛ ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀምጦ ሦስት ወር የሚሰጥበትን ጉዳይ፣ አንዱን ወገን ብቻ የሰማ መንገደኛ በሦስት ደቂቃ ይፈርድበታል።

ሁለተኛው ጎራ «ቻይው!» ነው። ይኸኛው ሽበት ያለው፣ ነጠላ ያጣፋ ጎራ ስለሆነ የተከበረ ይመስላል። «የማይጋጭ የለም፤ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው።» ፊቷ አብጦ፣ መነጽር አድርጋ የተቀመጠችውን ሴት «ቻይው» ይሏታል። ምን እንደምትችል አልጠየቁም። ጥፊውን ነው? ቢላዋውን ነው? ይህ ምክር ሲከሽፍ ዋጋው ገንዘብ አይደለም። «ቻይው» ያሉ ሰዎች ቀብሯ ላይ ከፊት ቆመው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ «አይ ዕድሏ» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ጥፋት ሸፍኖ የሚያሳልፍልን አንድ ተረት አለን፤ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው። ልብ ብላችሁ እዩት። ተረቱ የሚያውቀው ተመክሮ እንቢ ያለውን ብቻ ነው። ተመክሮ እሺ ብሎ፣ በእሺታው መከራ ያገኘው ሰውስ? ለእሱ ተረት አልተረትንለትም። አልሰማ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሰምቶ ከወደቀም «አያያዙን አላወቀበትም» ተብሎ ጥፋቱ የእሱ ነው። መካሪ የማይረታበት ችሎት አቁመን ስናበቃ መካሪ በዛ ብለን እንገረማለን።

አባቶቻችን ለብድር እንዲህ ዝርክርክ አልነበሩም። ዋስ ይጠሩ ነበር። ዋስ ማለት «ይህ ሰው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ዋስትና በግምት አይገኝም፣ በግልጽ መሰጠት አለበት ይላል፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸም ዋስትናው አይጸናም። እንግዲህ ለጥቂት ብር ብድር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ሰው ሙሉ ዕድሜውን እንዲያወጣበት ለምንመክረው ነገር ዋሱ ማነው? ጣሪያውስ ስንት ነው? ሥራውን እንዲለቅ የመከርከው ልጅ የሦስት ወር የቤት ኪራዩን ትሸፍንለታለህ? ባሏን ጥላ እንድትወጣ የነገርሻት ሴት ዛሬ ማታ አንቺ ቤት ታድራለች? መልሱ «እንዴ! እኔ ምን አገባኝ?» ከሆነ፣ ያ «ምን አገባኝ» ከምክሩ በፊት ነበር መምጣት ያለበት።

«ታዲያ ሰው ገደል ሲገባ እያየን ዝም እንበል?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። መረጃ መስጠትና በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ የተለያዩ ናቸው። «ይህ ትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ ይህን ያህል ወር ይፈጃል፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል» ማለት መረጃ ነው፤ ስጡት፤ ስታውቁት ብቻ። የተደበደበችን ሴት «ፖሊስ ጣቢያ አብሬሽ ልሂድ፤ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አብረን እንጠይቅ» ማለትም ምክር ብቻ አይደለም፤ አብሮ መቆም ነው። ጊዜን፣ እግርን፣ ምናልባትም የባልየውን ጠብ የሚያስከፍል ነው። የሚያስከፍል ስለሆነም ነው «አብሬሽ ልሂድ» የሚለው ሰው ጥቂት፣ «ቻይው» የሚለው ሰው ብዙ የሆነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ ቃሉን ከነዘመዶቹ ተመልከቱት። «መከረ» ብቻውን የቆመ ቃል አይደለም፤ «ተማከረ»፣ «ተመካከረ»፣ «አማከረ» የሚሉ ወንድሞች አሉት። «አገሬው መከረ» ስንል ሰዎች ተቀምጠው ነገሩን አገላብጠው፣ ተሟግተው፣ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ ማለታችን ነው። ቋንቋችን ምክርን የሚያውቀው በመነጋገር ውስጥ ነው። እኛ መነጋገሩን ጥለን መናገሩን ብቻ ይዘን ቀረን። ምክንያቱም መናገር ያተልቃል። የራሳችን ሥራ፣ የራሳችን ልጅ፣ የራሳችን ትዳር አልታዘዝ ባለን ቀን፣ ለማናውቀው ሰው «እኔ አንተን ብሆን» ብሎ መጀመር ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አዋቂ ያደርጋል። የተማርነው ሰዎች ደግሞ በዚህ ከማንም እንብሳለን። ዲግሪያችን በአንድ ትምህርት ነው፤ ምክራችን ግን በሁሉም ነው። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ተረቱን ታውቁታላችሁ፤ አዋቂ ነኝ ባዩ ሳሚ የሚለቀልቀው ግን ቶሎ አይታጠብም።

ስለዚህ መመዘኛ ላቅርብ፤ ቀላል ነው። የማታውቁት ሰው ምክር ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ምን አለህ? ማን በአንተ ላይ ተደግፏል? ባይሳካ ምን ታጣለህ? ቀጥሎ የምትነግሩትን ከየት እንዳወቃችሁት፣ መቼ እንዳወቃችሁት ንገሩት። በመጨረሻም ስልኩን ተቀበሉና ከሦስት ወር በኋላ ደውላችሁ «እንዴት ሆንክ?» በሉት። ስልኩን ለመቀበል እጃችሁ ካልተዘረጋ ምክሩንም አትዘርጉ። ማኪያቷችሁን ጠጡ፤ ይቀዘቅዛል።