ሽርሽር እረፍት አይደለም

እህቶቼ፣ ባለፈው ክረምት አሰሪዎቼ ለንደን ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። አንድ ቀን በቤተሰብ ትልቁን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ልናይ ሄድን። እንደገባን ከ25 ሜትር በላይ የሚረዝም የዓሣ ነባሪ አጽም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። እኔ ግን አንዱን አዝዬ፣ የሌላውን ጋሪ እየገፋሁ፣ ቀና ብዬም አላየሁት። የሚያጓራውና የሚንቀሳቀሰው ዳይኖሰር ጋ ስንደርስ ትንሹ ፈርቶ አለቀሰ፤ ይዤው ወጣሁ። እነሱ አይተው እስኪጨርሱ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

የጥንት ሰዎች አጥንት ያለበት ክፍል ውስጥ ለትልቋ ልጅ ስለ ድንቅነሽ ነገርኳት፤ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር እንደተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆናት። «ያንቺ አገር?» አለችኝ። ኮራሁ፣ አልዋሽም። (አዲስ አበባ ያለውን ሙዚየም እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ከትምህርት ቤት ነው የማውቃት።)

ማታ የእረፍት ቀኔን ስጠይቅ ማዳም «ዛሬ ተዝናንተሽ የለም እንዴ?» አለችኝ።

እኔ የምለው፣ ልጅ ይዘን የወጣንበት ቀን የሥራ ቀን ነው። አንዳንዶቻችን «አውሮፓ አሳይተውኝ ምን አፍ አለኝ» እንላለን። ማመስገኑ ጥሩ ነው፣ ግን በምስጋና የእረፍት ቀን አይከፈልም። የወጣችሁበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ስትጠየቁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። እኔ «ልጆቹን ስይዝ ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ግማሽ ቀን ሰጠችኝ። መግቢያው በነጻ ስለሆነ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ዓሣ ነባሪዋን «ተስፋ» ብለዋታል። ሥሯ ባዶ እጄን ቆሜ እስኪበቃኝ አየኋት።