ዕድሜ የማይቆጥረው «አፋልጉኝ»

ሰባ ዓመት ላለፋቸው አባት የሚወጣውን የ«አፋልጉኝ» ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ እዩት። ፎቶው ብዙ ጊዜ ልጃቸውን ሲድሩ በሱፍና በክራቫት የተነሱት ነው። ያኔ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፣ ፀጉራቸውም ገና አልሸበተም። ከቤት የወጡት ግን ጋቢ ለብሰው፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ከዘራ ይዘው ነው። ቤተሰብ ያማረውን ፎቶ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ግን ፈላጊው መንገደኛ እንጂ ቤተሰብ አይደለም።

«መልክ የት ይሄዳል?» የሚለው እምነት ነው የሚያሳስተን። እናት ልጇን ከሃያ ዓመት በኋላም ትለይ ይሆናል፤ መንገደኛው ግን ያየው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። የራስ ቅል በስድስት በሰባት ዓመት አብዛኛውን እድገቱን ይጨርሳል፤ መንጋጋና አፍንጫ ግን እስከ ጉርምስና ማብቂያ ያድጋሉ፣ ፊትም አብሮ ይለወጣል። በቴሌግራም የሚዞረው ማስታወቂያ «ዕድሜ፦ 5» ይላል፣ «ሼር አድርጉ» ይላል፣ ቀን የለውም። ልጁ በሕይወት ካለ ምናልባት ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ እኛ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን እንፈልጋለን!

የተመልካቹም ዕድሜ ይቆጠራል። ሰው የእኩዮቹን ፊት ከሌላው ይልቅ አጥርቶ እንደሚለይ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ማስታወቂያውን በስልኩ የሚያዳርሰው ግን በአብዛኛው ወጣቱ ነው፤ ለእሱ ደግሞ (ይቅር ይበለኝና) ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነው። የጠፉትን አዛውንት የሚለዩት እኩዮቻቸው በእድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ የሚነግራቸው ግን የለም።

ፎቶ በየቦታው በሚለጠፍበት አገርም ቢሆን ፊት ብቻውን አላስተማመነም። ጄይሲ ዱጋርድ እ.ኤ.አ. በ1991 በ11 ዓመቷ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጠልፋ በ2009 ተገኘች። በእነዚህ 18 ዓመታት የጠላፊውን አመክሮ የሚከታተሉ መኮንኖች ቤቱ ይመላለሱ ነበር። ነገሩን ያጋለጠው የእሷ ፎቶ ሳይሆን፣ የሰውየው ሁኔታ ያጠራጠራቸው የዩኒቨርሲቲ ፖሊሶች ንቃት ነው።

እናም ማስታወቂያ የምታወጡ፣ ቢደበዝዝም የመጨረሻውን ፎቶ አውጡ። ከዕድሜ ይልቅ የትውልድ ዓመቱንና የጠፋበትን ቀን ጻፉ። ጠባሳውን፣ አነካከሱን፣ የጎደለ ጥርሱን ጥቀሱ። የምታጋሩም ቀን የሌለውን አታጋሩ፤ ሰውየው ከተገኘ ደግሞ ማስታወቂያውን አንሱት።