ለሰማይ ጠቀሱ የዋለው ስሌት ለጡብ ቤቱም ይዋል

ሥራዬ ሲያትል ውስጥ ሕንፃ መመርመር ነው። ወገኖቼ ይህን ሲሰሙ «ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ ነው?» ይሉኛል። ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ሳይንሱ የሚችለው ሌላ ነው፤ ቀኑ የደረሰ ጊዜ የየሰፈሩ መሬት ምን ያህልና ለስንት ጊዜ እንደሚናወጥ መገመት። በዚህ ግምት የሚጠቀሙት ግን አዳዲሶቹ ሰማይ ጠቀሶች መሆናቸው ያንገበግበኛል።

«ትልቁ» የሚጠበቀው ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ቫንኩቨር ደሴት፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የካስኬዲያ መስመር ነው፤ እዚያ የውቅያኖሱ ወለል ከአህጉሩ ሥር ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 ይህ መስመር በድንገት ተንሸራቶ መጠኑ 9 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት አስነሣ፤ ማዕበሉ ጃፓን ደርሶ በዚያ አገር መዛግብት ሰፍሯል። ንዝረቱን የለካ መሣሪያ ግን አልነበረም። ስለዚህ ባለሙያዎች በጃፓን፣ በቺሊና በሜክሲኮ በተመሳሳይ መንቀጥቀጦች ጊዜ የተመዘገበውን ይመረምራሉ፤ የቀረውን በኮምፒዩተር ያሰላሉ።

የ1985ቱ የሜክሲኮ ሲቲ አደጋ ብዙ አስተምሯል። መንቀጥቀጡ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በፓሲፊክ ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ግን በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ የተቆረቆረች ናትና ጭቃው ዘገምተኛውን ንዝረት አጉልቶ ብዙ ፎቆችን ጣለ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሲያትልም ጥልቀቱ በኪሎ ሜትሮች በሚለካ ደለል ላይ ተቀምጣለች። በገበቴ ያለ ውሃ ሲነቀነቅ ከዳር ዳር እንደሚመላለስ ሁሉ፣ ንዝረቱም እዚያ ውስጥ ይጎላል፤ ይቆያልም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠኑ 9 የሆነ ርዕደ መሬት ሊኖሩት ከሚችሉት አካሄዶች 30ውን በኮምፒዩተር ሠርተው ይህንኑ አሳይተዋል። ከተማውም አዲስ ረጅም ፎቅ የሚያቆም ሁሉ ይህን በስሌቱ እንዲያስገባ አስገድዷል። መልካም አድርጓል።

የድሮው የጡብ ቤትስ? ፌሮ ያልገባባቸው የጡብ ሕንፃዎች በሲያትል ከ1,000 በላይ ናቸው። ቤተሰብ የሚኖርባቸው፣ ሱቅና ምግብ ቤት የተከፈተባቸው ናቸው። መለየቱ አይከብድም፦ ብዙውን ጊዜ በየአምስት ስድስት ረድፉ ጡቡ ጠባብ ጎኑን ወደ ውጭ አድርጎ ተደርድሯል። በየፎቁ ወለል ከፍታ፣ በግድግዳው ፊት ላይ በቡሎን የተያዙ ጠፍጣፋ ብረቶች በተርታ ካያችሁ፣ ግድግዳው ከወለሉ ጋር ታስሯል ማለት ነው። ያልታሰረ ግድግዳ ከወለሉ ተላቅቆ እግረኛ መንገድ ላይ ይዘረገፋል። በ2001 የደረሰው የኒስኳሊ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.8 ነበር፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው የተነሣው። ብርቱው ንዝረት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በሲያትሉ የፓዮኒየር ስኩዌር ሰፈር ጡብ መኪና ላይ አወረደ። የካስኬዲያው ግን ለደቂቃዎች ይዘልቃል።

ባለንብረቶች «ወጪው አይቻልም» ይላሉ። ሁሉም በእነሱ ላይ ከተጣለ ኪራይ ይንራል፤ ተከራዩም ይፈናቀላል። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ማጠናከሩን ግዴታ ያድርግ፤ በድጎማና በዝቅተኛ ወለድ ብድርም ይደግፍ። ተከራዮችም ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ግድግዳው ታስሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህ ስሌት የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ጥቅሙም በጡብ ቤት ለሚያድረው ሰው መድረስ አለበት።