«ማን ፈለሰፈው?» ሳይሆን «እንዴት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁን

እህቶቼ፣ ባለፈው ወር በእንግሊዝኛ ክፍላችን የሆነውን የመጣችሁት አይታችኋል። ላልመጣችሁት፣ በተለይ በር ተቆልፎባችሁ እሁድ ከሰኞ ለማይለይባችሁ፣ በአጭሩ ልንገራችሁ።

ማኅበራችን እሁድ ከሰዓት የሚያስተምረው የእንግሊዝኛ ክፍል የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ርዕሱ «ሳይንስና ፈጠራ» ነበር። ሁለት ቡድን ሆነን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቲቸራችን በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እኛም በእንግሊዝኛ እንመልሳለን። ስልክን ማን ፈለሰፈ? አምፖልን ማን ሠራ? አውሮፕላን መጀመሪያ ያበረሩት እነማን ናቸው? ቤል፣ ኤዲሰን፣ ራይት ወንድማማቾች። ስም በቃሏ የያዘች ነጥብ አገኘች፣ ያልያዘች ዝም አለች። እኔ ዝም ካሉት ነኝ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ደረሰኝ፤ «ዋት ኢዝ ኢቫፖሬሽን?» ተባልኩ። አፌ ተሳሰረ። ቡድናችን ተሸነፈ፣ መዝገበ ቃላቱን እነሱ ወሰዱ።

ማታ ሥራ ቤቴ ተመልሼ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ቃሉን በስልኬ ፈለግኩት። ኢቫፖሬሽን ማለት ትነት ነው። ትነት! አንደኛ ደረጃ እያለሁ የተማርኩት፣ አሁን ደግሞ በየቀኑ በእጄ የምሠራው። ልብሱን ዘርግቼ፣ አርቄ፣ ነፋስ ባለበት የማሰጣው ውሃው ቶሎ እንዲተን አይደል እንዴ?

ይህን የምጽፈው ግን በመሸነፌ ተናድጄ አይደለም። ከውድድሩ በኋላ ሻይ ስንጠጣ የተባለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንዷ እህታችን ተነስታ «ይሄ ነገር ይቅርብን። ለሰው ቤት ሠራተኛ ሳይንስ ምን ያደርግላታል? ያለን ሁለት ሰዓት ነው። ደመወዝ፣ ሐኪም፣ አሞኛል የሚሉትን ቃላት አስተምሩን» አለች። ብዙዎች አጨበጨቡ። ሐሳቡ ለሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ተይዟል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ያን ቀን እኔ ዝም አልኩ። በቃል ስከራከር እንባዬ ይቀድመኛል፣ በጽሑፍ ይሻለኛል። የምለው ይህ ነው፦ ውድድሩ መቅረት የለበትም፤ ጥያቄው ግን መለወጥ አለበት።

በመጀመሪያ የእህታችንን እውነት አልክድም። እሁድ አጭር ናት። ደመወዟ ስድስት ወር የተያዘባት ልጅ ስለ አውሮፕላን አትጨነቅም። «አሞኛል» ማለት ያልቻለች ልጅ ያ ቃል ይቀድማታል። ግን «ለሰው ቤት ሠራተኛ ሳይንስ ምን ያደርግላታል» የሚለውን አልቀበልም። እሱን ቃል ከማዳሞች አፍ ሰምተነዋል፤ በራሳችን አፍ ሲነገር ግን አመመኝ።

ሳይንስ ምን እንደሚያደርግላት በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ቤይሩት በመጣሁ በአምስተኛው ወር የሽንት ቤቱ ድንጋይ ቢጫ ሆኗል ተብዬ ተቆጣሁ። በረኪና አፈሰስኩበት፣ አልለቀቀም። በላዩ ላይ ያንን ኃይለኛውን የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመርኩ። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ የእጅ መዳፍ ያክላል፣ እኔ ተንበርክኬ እፈትጋለሁ። አንድ ነገር ጉሮሮዬን አነቀው። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ደረቴ ተዘጋ። እየዳህኩ ወጣሁ። «ወተት ጠጪ» ተባልኩ፣ ጠጣሁ፣ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ሳሉ ግን ሁለት ሳምንት አልለቀቀኝም።

እህቶቼ፣ በረኪናና አሲድ ሲደባለቁ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ የጀርመን ጦር በወታደሮች ላይ የለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ቆሞ የሚያዝዘው ሰው ሳይሸተው፣ ተንበርክካ የምትፈትገው ትታፈናለች። በረኪናን አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መደባለቅም እንዲሁ ሌላ መርዝ ያወጣል። ቢደርስባችሁ «ላጥበውና ልጨርስ» አትበሉ። ሁሉን ጥላችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከዓመት በኋላ፣ እዚሁ ክፍል ትንሽ ከተማርኩ በኋላ፣ የበረኪናውን ጠርሙስ አገላብጬ አየሁት። በእንግሊዝኛ «ዱ ኖት ሚክስ ዊዝ አሲድ» ይላል። ከአሲድ ጋር አትደባልቁ ማለት ነው። አምስት ወር ሙሉ በእጄ ይዤው ነበር! ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ «ሚክስ» ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

«አረብኛ ይበቃናል» ለምትሉም መልስ አለኝ። አረብኛችን የጆሮ አረብኛ ነው። ሰምተን ለመድነው፣ እንናገረዋለን፣ እንከራከርበታለን፣ አብዛኞቻችን ግን አናነበውም። የእንግሊዝኛን ፊደል ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እዚህ አገር ማጽጃውም መድኃኒቱም ላይ እንግሊዝኛ አይጠፋም። ስለዚህ አረብኛ ለጆሯችን፣ እንግሊዝኛ ለዓይናችን ነው። ዓይናችንን ማን ይዝጋብን?

ደግሞስ ሳይንስ የጌቶች ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ማይክል ፋራዳይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ዘሩ ይናቅ ነበር። ብዙ አልተማረም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገባ፣ የሚጠርዘውን መጽሐፍ እያነበበ ተማረ። በኋላ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ለሚባል ትልቅ ሳይንቲስት ረዳት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1813 ዴቪ ከነሚስቱ ወደ አውሮፓ አገሮች ሲሄድ አሽከራቸው አልሄድም ስላለ ፋራዳይ የአሽከሩንም ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተደረገ። ሚስትየው እንደ ሎሌ ታየው ነበር፤ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ ከአሽከሮች ጋር ይበላ ነበር። ይህን ሳነብ «ወይኔ፣ ይቺን ማዳም እኮ አውቃታለሁ!» አልኩ።

ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። እዚህ ቤይሩት መብራት ሲጠፋ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጠው፣ ማዳም ኢሽቲራክ እያለች በየወሩ የምትከፍልለት ጀነሬተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሞተሩ ያሽከረክራል፣ ማግኔትና ሽቦ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ከአሽከሮች ጋር ብላ የተባለው ሰው ያገኘው ነገር ሲቆም አሳንሰሩም ይቆማል፣ እኛም ዕቃ ተሸክመን ደረጃ እንወጣለን።

እንግዲህ ውድድሩ ለምን መቅረት እንደሌለበት ይህን ያህል ካልኩ፣ ጥያቄው ለምን መለወጥ እንዳለበት ልናገር። ቲቸራችን ቅር እንዳይላት። ያለ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀኗን ሰጥታን ነው የምታስተምረን፣ አከብራታለሁ። ግን ስም መሸምደድን እኛ ከአገራችን ይዘነው መጥተናል፤ ተጨማሪ አንፈልግም።

በፕላዝማ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ እኛ ሰማኒያ ሆነን ከሥር ከሥር እንጽፋለን፣ ግማሹን ሳንጽፍ ገጹ ይቀየራል። አሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ «አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን ወደ ቀይ ይለውጣል» የሚለውን መልሻለሁ። ነጥቡን አግኝቻለሁ! ሊትመስ ምን እንደሆነ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሲዱ ራሱ በእጄ ሲገባ አላወቅኩትም። በቃል የተያዘ ትምህርት ይህን ያህል ነው የሚጠቅመው። አሁን ደግሞ በስደት አገር «ስልክ፦ ቤል፤ አምፖል፦ ኤዲሰን» እያልን ብንሸመድድ ማንን ከምን ያድናል?

«ማን» የሚለው ጥያቄ ሌላም ክፋት አለው። እኛን ያስረሳል። የአገራችንን እንዶድ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ እያጠና ወንዝ ዳር ሄደ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ምርምሩን ከዚያ ጀመረ። በ1989 እሱና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይገባቸዋል፣ እኮራባቸዋለሁ። ግን እንዶዱን ቀጥቅጠው ያጥቡ የነበሩትን ማን በስም ያውቃቸዋል? እንዶድ እንደሚያጠራ ሳይንቲስቱ ከመምጣቱ በፊት የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። «ማን?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አንድ ስም ነው። «እንዴት?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን አጣቢዋም የምትመልሰው አላት።

ስማቸው የተጻፈላቸው ሴቶችም አሉ፣ እነሱንም አልተጠየቅንም። ሣራ ቡን አሜሪካ ውስጥ በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሴት ቀሚስ እጅጌና ወገብ በዝርግ ሳንቃ ላይ አልተኮስ ብሎ ሲያስቸግር አየች፤ ጠበብና ጎበጥ ያለ የመተኮሻ ጠረጴዛ አሻሽላ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች። ሐሳቡ የመጣላት ከሥራዋ ነው። እኛም ካውያ ይዘን ስንት ዓመት ቆመናል!

ስለዚህ የሚቀጥለው ውድድር እንዲህ ይሁን እላለሁ። ዘይት መጥበሻ ላይ እሳት ሲይዝ ለምን ውሃ አይደፋበትም? (ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ስለሚሆንና የነደደውን ዘይት ስለሚረጨው ነው። ጋዙን ዝጉ፣ በክዳን አፍኑት።) ፕሬሸር ድስት ሥጋን ለምን ቶሎ ያበስላል? (እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚቀር ውሃው በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ እስከ 120 ዲግሪ ግድም ይሞቃል።) ምስር እዚህ ከአዲስ አበባ ቀድሞ የሚበስለው ለምንድን ነው? እኔ የምስሩ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፣ ውሃው ገና 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል፤ ቤይሩት ግን ባሕር ዳር ናት። ይህን ልዩነት በዓይኗ ያየች ሴት ሳይንስ ጀምራለች፣ የጎደላት ቃሉ ብቻ ነው።

መልሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይሁን። በእጅ ማሳየት ይፈቀድ። መጀመሪያ በአማርኛ ትንገረንና ከዚያ ቃሉን አብረን እንፈልግላት። በአነጋገሯ የሚስቅ ቡድን ነጥብ ይቀነስበት። የምንጽፋቸው ቃላት «ሚክስ»፣ «በርን»፣ «ብሪዝ»፣ «ኦፕን ዘ ዊንዶው» ይሁኑ። ያቺ እህታችን የፈለገቻቸው የሐኪም ቤት ቃላት ከዚሁ ይወጣሉ። ስትታፈኚ ለሐኪሙ «ብሊች ኤንድ አሲድ» ማለት ከቻልሽ «አሞኛል» ከማለት ይበልጣል፤ ምን እንደነካሽ ያውቃል።

ስብሰባው ላይ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ዛሬ ማታ ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ጠርሙስ አውጡና አገላብጡት። ማንበብ የቻላችሁትን አንብቡ፣ ያልገባችሁን ቃል ጽፋችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አምጡ። መውጣት የማትችሉት ፎቶውን ለጓደኛችሁ ላኩላት፣ እሷ ታምጣልን። ከዚያ በኋላ «ለሠራተኛ ሳይንስ ምን ያደርግላታል» የምትል ካለች፣ እኔ በድምፅ እሸነፍላታለሁ። ግን የምትኖር አይመስለኝም።

እሁድ ያገናኘን።