ለተከዜ የሚገዛ ጀልባ

ዋግ ኽምራ በዜና የሚነሳው ዝናብ ሲቀር ነው። ድርቅ፣ የእንስሳት መኖ፣ የእርዳታ እህል፣ ከፃግብጂና ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የተጠለለ ሕዝብ፤ የአገሩ ስም ለሩቅ ሰው የሚደርሰው ከእነዚህ ጋር ተጣብቆ ነው። በዚሁ ደረቅ አገር ሰው በውኃ እየሰጠመ ይሞታል ሲባል ብዙው አድማጭ ግራ ይጋባል። የቆላው ነዋሪ ግን ግራ አይጋባም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከጀርባው የሚይዘው ውኃ ደግሞ ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ግድቡ የቆመው ትግራይ ውስጥ ቢሆንም የውኃው ጅራት በሸለቆው ወደ ላይ እየተሳበ የዋግን ቆላ ገብቷል። ድሮ በበጋ ቁርጭምጭሚት እያራሱ የሚሻገሩት ወንዝ ዛሬ በየአቅጣጫው እጅ የሚዘረጋ ሐይቅ ሆኗል። ገበያው፣ ዘመዱና ደብሩ ማዶ ቀርተዋል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል ተከዜ ላይ ከሃያ በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ብዙዎች አለቁ። ዜናው ሁለት ሦስት ቀን ተወራ፣ ከዚያ ሌላ ዜና መጣ። እኔ ግን በእንዲህ ያለ አደጋ ማግሥት የሚሰማው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ያሳስበኛል። «ዘመናዊ ጀልባ ይገዛልን!» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። መልሱ ከመጣ የሚመጣው ጀልባና ሞተር ሆኖ ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁልፉ ለማኅበር ወይም ለወረዳ ይሰጣል። ሰውን ከሞት የሚያተርፈው ዕቃ ግን «በሁለተኛው ዙር» ይባላል። ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ለእንዲህ ዓይነት ውኃ አሁን አሁን የሚመረጠው ጎኑ በአየር የሚነፋ፣ ሆዱ ግን ከፋይበር ግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ጀልባ ነው። ይህን ቅርጽ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዌልስ ባለው አትላንቲክ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ሞክረው ሞክረው አወጡት፤ የብሪታንያ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበር ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ብልሃቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአባይ በረሃ ሰው ስልቻ ነፍቶ፣ በደረቱ ታቅፎ ይሻገር የለም? የአሁኑም ስልቻ ነው፤ ልዩነቱ ክፍል ክፍል ሆኖ መሠራቱ ነው። አንዱ ክፍል ቢበሳ ሌሎቹ አየራቸውን ይዘው ይቆያሉ፣ ጀልባው ያዘነብላል እንጂ ወዲያው አይሰጥምም። ከጠባብና ጠርዙ ዝቅ ካለ የእንጨት ጀልባ ጋር ሲነጻጸር በቀላሉ አይገለበጥም። ስለዚህ ምርጫው ጥሩ ነው እላለሁ። ነገር ግን ይህ ጀልባ በካታሎግ ላይ ተዘርዝሮ የሚሸጥለት ዕቃ የተሰናዳው ለሌላ ውኃ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ፣ ጠባቂ ላለበት፣ ራዲዮ ሲጠሩ መልስ ለሚሰጥበት። ፃግብጂ ላይ ማን ይመልሳል?

ከጃኬቱ ልጀምር፤ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የነፍስ አድን ጃኬት በኒውተን ይለካል። አሥር ኒውተን በግምት አንድ ኪሎ የማንሳት ጉልበት ማለት ነው። 50 ኒውተን የሚለው ለዋናተኛ መርጃ የታሰበ ሲሆን ራሱን የሳተ ሰው በሆዱ ከተንሳፈፈ ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ አያዞረውም። ዋና ለማያውቅ መንገደኛ ቢያንስ ባለ 100 ያስፈልጋል፤ አንገቱ ላይ ትራስ ያለው። ሁለተኛው ምርጫ ደግሞ በስፖንጅ የተሞላ ወይስ በጋዝ የሚነፋ የሚለው ነው። በጋዝ የሚነፋው ቀጭንና ያማረ ስለሆነ የጨረታ ኮሚቴን ዓይን ይስባል። ነገር ግን አንዴ ከተነፋ ጋዝ ያለባት ትንሽ ቆርቆሮ መቀየር አለባት፤ ይህቺን ቆርቆሮ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ የሚያገኛት ሰው ካለ እኔም ዋጋዋን ይንገረኝ። ለተከዜ የሚሆነው ወፍራሙ፣ የሚሞቀው፣ ማንም የማይወደው ባለ ስፖንጅ ጃኬት ነው። ፊሽካ የታሰረበት፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጨርቅ የተሰፋበት ከሆነ ይበቃል።

ቁጥሩም ዘዴ አለው። «ጀልባው አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል፣ አሥራ ሁለት ጃኬት ይገዛ» ብሎ መጻፍ ሒሳቡን ብቻ መሥራት ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ልጆች ቢሆኑስ? የአዋቂ ጃኬት ለብሶ ውኃ የገባ ልጅ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ከዚህ የባሰው የአንቀልባው ነገር ነው። የዋግ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትሳፈራለች። ጃኬቱን ከልጁ በላይ ብትለብሰው ልጁን ታፍነዋለች፣ ከልጁ በታች ብትለብሰው አዝላ መቀመጥ ያቅታታል። ስለዚህ አትለብሰውም፤ ጃኬቱ መቀመጫ ይሆናል። መፍትሔው ልጁ ከጀርባ ወርዶ፣ በእግር መሐል በሚታሰር ቀበቶ የሚጠብቅ የሕፃን ጃኬት ለብሶ ከእናቱ ፊት መቀመጡ ነው። ይህን ከእንግሊዝም ሆነ ከቻይና የመጣ መመሪያ አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት ማዶ ገበያ የሚሻገሩት ሴቶች ናቸው፤ ዝርዝሩ ሲጻፍ ግን ማንም ጠርቶ አይጠይቃቸውም።

ቀጥሎ የሞተሩ ማጥፊያ ገመድ። ከሞተሩ ጋር ስለሚመጣ የተለየ ዋጋ የለውም፣ እንደ ማስዋቢያም ይቆጠራል። አንዱ ጫፉ ማጥፊያው ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጫፍ በነጂው እግር ይታሰራል፤ ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ቀጥ ይላል። ካልታሰረ ሰው አልባው ጀልባ በራሱ ክብ እየዞረ ተመልሶ በወደቁት ላይ ይመጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ፓድስቶ አጠገብ የሆነው ይኸው ነው፦ ከእንዲህ ዓይነት ጀልባ ስድስት የቤተሰብ አባላት ተስፈንጥረው ወደቁ፣ ገመዱ አልታሰረም ነበር፣ አባትና ሴት ልጁ ሞቱ። የሞቱት ዕቃ ጎድሎ አይደለም፤ ገመዱ ነበረ። ይህ ለእኛም ይጠቅመናል፤ ዕቃ መግዛቱ ብቻውን በቂ ነው ብዬ እንዳልከራከር ያግደኛል።

አየሩም የራሱ ጣጣ አለው። የእነዚህ ጎኖች ግፊት እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው አንድ አሥረኛ ገደማ። ሰቆጣ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር መንፋት ጀልባን ማፈንዳት ነው። ስለዚህ የእግር መንፊያውና የግፊት መለኪያው በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለባቸው። ቆላው ደግሞ ይነዳል፤ በማለዳ ልክ ሆኖ የተነፋው እኩለ ቀን ላይ ይወጠራል፣ ማታ ይላላል። ነጂው ጠዋት ሲላላ አይቶ ደግሞ ቢነፋው ቀትር ላይ ስፌቱ ይለቃል። ፀሐዩ ራሱ ርካሹን ፕላስቲክ በጥቂት ዓመት ያደርቀዋል፤ ውድ የሆነው ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ ይሻላል፣ ያ ካልተቻለ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ መሸፈኛ። በዚያ ላይ ውኃው የዋጠው ምድር የግራር ምድር ነበር። የሐይቁ ከፍታ በክረምትና በበጋ መካከል በአሥር ሜትሮች ስለሚለዋወጥ ትናንት ጥልቅ የነበረው ቦታ ዛሬ ድንጋይና ጉቶ ነው። ቋሚ ወደብ መሥራትም የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ዳርቻው ራሱ ይሄዳል። መለጠፊያ ጎማና ማጣበቂያ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ፣ መልህቅ፣ ውኃ መጭለፊያ፣ የእሳት ማጥፊያ፤ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል፣ አልዘገይባቸውም። ፍየልን ግን ሳልናገር አላልፍም። የአበርገሌ ፍየል በስጋው የተመሰገነ ቢሆንም ቀንዱና ኮቴው ለሚነፋ ጀልባ ጠላት ነው፤ ደንግጦ ሁሉም በአንድ ወገን ሲከማች ደግሞ ጀልባውን ያዘነብለዋል። ሰውና ከብት በአንድ ጉዞ አይጫኑ የሚል ሕግ ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል።

በካታሎጉ ውስጥ ለእኛ የማይሆን ዕቃም አለ። የባሕር ራዲዮ አንዱ ነው፤ ማዶ ሆኖ የሚሰማ ጣቢያ ከሌለ ለራስ መናገር ነው። ወደ ሰማይ የሚተኮስ ቀይ የብርሃን ምልክት ሌላው ነው። ጦርነት ባለፈበት፣ ሰው ሁሉ ከተኩስ ድምፅ ጋር በሚኖርበት አገር በሌሊት ከሐይቅ ላይ ቀይ እሳት ሲተኮስ እርዳታ ይመጣል ወይስ ጥይት? በዚህ ፈንታ ጠንካራ ባትሪ፣ መስተዋት፣ ፊሽካና ከሁለቱም ዳርቻ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ጀልባው ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ መቼ ይደርሳል የሚለውን በደብተር የሚይዝ ሰው። ሳይደርስ ሲቀር ፍለጋ የሚጀመረው ይህ ደብተር ካለ ብቻ ነው፤ ያለዚያ የሰጠመው ሰው ቁጥር እንኳ በግምት ይቀራል። ፈላጊ ጀልባስ? አንድ ጀልባ ብቻ ባለበት ውኃ ላይ አዳኙም ተዳኙም አንድ ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል፤ ሞተሩም፣ ጀልባውም፣ ጃኬቱም። በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ትንሹ መስመር ነው። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው። የፈረስ ጉልበቱ ይቀነስ። ባለ 40 ሞተር የታሰበ ከሆነ ባለ 25 ይገዛ፤ መንገደኛ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ቢደርስ የሚጎዳው ነገር የለም። ጃኬቱና መንፊያው በሌላ ጨረታ ሳይሆን በዚያው ጨረታ፣ በዚያው ሎት ውስጥ ይካተቱ፤ አንዷ ከጎደለች ርክክብ አይፈረም። የዞኑ ፋይናንስ ለመኪና ግዢ ክሪክና መለዋወጫ ጎማ ሳይቀበል አይፈርምም፤ ለጀልባ ሲሆን ለምን ይፈርማል?

በአገር ደረጃ ያለው ነገር ደግሞ ይገርመኛል። በ2017 ዓ.ም. ከ180 በላይ ሰው የምትጭን «ጣና ነሽ ፪» የተባለች ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና፣ መንገድ እየተጠረገላት ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ አገር ሁሉ ተከትሎ አየ። ደስ ይላል፤ ጣና ይገባዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ለዓለም መርከቦች መሐንዲስና መኮንን ያሠለጥናል። ስለ ባሕር በር ሳንነጋገር የምናድርበት ቀን የለም። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ከወጣ ወዲህ የአገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትም ባለቤት አለው። ታዲያ ተከዜ ላይ የሚቀዝፈው የዓሣ ማኅበር ልጅ የአንድ ሳምንት ሥልጠና አግኝቶ ያውቃል? የመርከብ ባለሙያ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ሁለት አሠልጣኝ በዓመት አንድ ጊዜ ሰቆጣ ቢልኩ አካዳሚው አይጎድልበትም። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ለዓሣ ጥናት ውኃው ላይ ይወርዳሉ፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሣ፣ አዞውና ጉማሬው የት እንደሚውል የሚነግሩ ዓሣ አጥማጆችን ያውቃሉ። ሥልጠናው ከእነሱ ጋር ቢሆን ይሰምራል።

ደግሞስ ይህ ውኃ ሞት ብቻ አይደለም ያመጣው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባውን ቃል በዚህችው ከተማ ስም ሰይሞታል፤ ሰቆጣ። ከከተማዋ ወርዶ ቆሮሶና አምባዛ የሚጠመድበት ሐይቅ አለ። ዓሣው ወጥቶ የሕፃን ገበታ ላይ እንዲደርስ አጥማጁ በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ድሃ አገሮች ውስጥ ናቸው፣ ብዙዎቹም በየዕለት ሥራቸው ላይ የነበሩ።

የዞኑ አስተዳደርም ሆነ ማንኛውም ለጋሽ ድርጅት ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ለፃግብጂ፣ ለዝቋላ፣ ለአበርገሌ ወይም ለሰሃላ ጀልባ የሚያስብ ከሆነ የጨረታ ሰነዱን ከማውጣቱ በፊት አንድ የገበያ ቀን ዳርቻው ላይ ይዋል። የሚሻገረውን ሰው፣ የታዘሉትን ሕፃናት፣ ጆንያውንና ፍየሉን ይቁጠር። ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ይጻፍ፤ የሕፃናቱን ጃኬት ከሞተሩ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ።