«የዘመኑ ሰው» የሚሉት ማምለጫ

በአሜሪካ መሥራቾች ላይ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «የዘመኑ ሰው ነበር፤ በዘመኑ ሚዛን ይመዘን።» እሺ፣ ይመዘን። እኔ ሚዛኑ ላይ የማወጣው ጆርጅ ሜሰንን ነው።

ሜሰን በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ገንስተን ሆል በተባለው ርስቱ ትምባሆና ስንዴ የሚያሳርስ የቨርጂኒያ ባለርስት ነበር። ልጁ ጆን በትዝታ ጽሑፉ እንደዘረዘረው፣ የግቢው አናጺ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ጫማ ሰፊ፣ ፈታይና ሸማኔ፣ አረቄ አውጪው ሳይቀር ባሪያ ነበር። በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ያረቀቀውና ሰዎች ሁሉ በተፈጥሯቸው እኩል ነፃ ናቸው ብሎ የጻፈው ይኸው ጌታ ነው። መግለጫውን የሚያጸድቀው የቨርጂኒያ ጉባኤ ግን ደነገጠ። አንቀጹ ለባሪያዎችም እንዳይሠራ፣ መብቱን ወደ ማኅበረሰብ ለገቡ ሰዎች ብቻ የሚያደርግ ሐረግ ሰካበት። ቃሉ ምን እንደሚያስከትል ባይገባቸው ኖሮ ለምን ያጥሩበታል?

በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት የፊላዴልፊያ ጉባኤ ሜሰን የባሪያ ንግድን አጥብቆ አወገዘ፤ ባሪያ የያዘ ሁሉ ትንሽ አምባገነን እንደሚሆን፣ ፈጣሪም አገሪቱን እንደሚቀጣ ተናገረ። የመብቶች ዝርዝር የለውም ብሎም ሕገ መንግሥቱን ሳይፈርም ወጣ። አድናቂዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ አንዳንዶቹማ ፀረ ባርነት ታጋይ አድርገውታል። በዚያው ጉባኤ የደቡብ ካሮላይናው ፒንክኒ፣ የውጭው ንግድ ሲዘጋ የቨርጂኒያ ባሪያዎች ዋጋ እንደሚወደድ ፊት ለፊት መናገሩን አያነሡም። በቀጣዩ ዓመት ቨርጂኒያ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ሪችመንድ ላይ ስትከራከር ሜሰን ራሱ የተናገረውንም እንዲሁ። ሜሰን እዚያ ሁለት ቅሬታ አጣምሮ አቀረበ፦ ሕገ መንግሥቱ የባሪያ ንግድን ለ20 ዓመት ፈቅዷል፤ በእጃችን ላሉት ባሪያዎች ግን ዋስትና አልሰጠንም። ነፃነት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይከራከርም።

አሁን ወደ ዘመኑ ሚዛን እንምጣ። ቨርጂኒያ በ1782 ጌቶች በፈቃዳቸው ባሪያ ነፃ እንዲያወጡ በሕግ ፈቀደች። ሮበርት ካርተር የተባለ የቨርጂኒያ ከበርቴ በ1791 ከ450 በላይ ሰዎችን ነፃ ለማውጣት ፈረመ። የሜሰን ጎረቤት ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ 123 ሰዎች ነፃ እንዲወጡ ተናዘዘ። ሜሰን በ1792 ሲሞት ባሪያዎቹን ለልጆቹ አወረሰ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በ1790 ቆጠራ ከቨርጂኒያ ሕዝብ 39 በመቶ ያህሉ ባሪያ ነበር። በ1775 የቨርጂኒያ ብሪታንያዊ ገዥ ደንሞር ከአማፂ ጌቶቻቸው ከድተው ለሚዋጉለት ባሪያዎች ነፃነት ሲያውጅ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በነፍሳቸው ቆርጠው ወደ እሱ ኮበለሉ። እነሱስ የማን ዘመን ሰዎች ነበሩ? «የዘመኑ አስተሳሰብ» የሚባለው የጌቶቹ አስተሳሰብ ብቻ ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ በሜሰን ስም የተጠራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ብዙ የሐበሻ ልጆች ይማሩበታል። ግቢው ውስጥ የሜሰን ሐውልት ቆሟል፤ በ2022 ደግሞ ገንስተን ሆል ውስጥ በባርነት ለኖሩት፣ በተለይም ፔኒ ለተባለች ልጅና ጄምስ ለተባለ አገልጋይ፣ መታሰቢያ ተሠርቷል። ልጅ ለማስመረቅ የምትሄዱ ወላጆች፣ ከሐውልቱ ጋር ብቻ ፎቶ ተነሥታችሁ አትመለሱ፤ ወደ ፔኒና ጄምስም ጎራ በሉ።