ውሻና የክረምት ቀን

ክረምት በገባ ጊዜ የቤተ ሰብ ሁሉ አሳብ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የጣራው ቀዳዳ ይደፈናል፤ እንጨቱና ከሰሉ ወደ ደረቅ ስፍራ ይገባል፤ ለሕፃናቱም ወፍራም ልብስ ይፈለጋል። በደጅ የሚቀር አንድ የቤት ወገን አለ፤ እርሱም ውሻው ነው። ለርሱ የሚደረግለት ነገር ቢኖር ሰንሰለቱን ከዛፉ ሥር ፈትቶ ከማድ ቤቱ ክፈፍ በታች ማሰር ነው። እኛም ለብዙ ዓመት ይህንኑ ስናደርግ ኖረን የሚበቃው ይመስለን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በቤታችን የሆነው ነገር አሳባችንን አስለወጠን። መከታ የሚባል በዚያን ጊዜ 4 ዓመት የሆነው ውሻ አለን። በበጋ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከነርሱ ጋራ እስከ ወንዙ ዳር ይወርድ ነበር፤ ሰኔ ካለቀ በኋላ ግን ጭቃውንና ዝናቡን ፈርተን በሩን ዘጋንበት። ሐምሌ ሳይጋመስ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሲዞር እየዋለ መሬቱን እንደ አውድማ ክብ አድርጎ ረገጠው። ቀጥሎም የፊት ቀኝ እግሩን ያለ ማቋረጥ ይልስ ጀመር፤ ጠጉሩ ተመልጦ ሥጋው እስኪታይ ድረስ ላሰው። ሌሊቱን ሁሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ቀን የሚሰጠውን ምግብ አሽትቶ ይተወዋል። በነሐሴ መጀመሪያ ሳህኑን ይዛ ወደርሱ የቀረበችውን የ7 ዓመት ልጃችንን እጅጌዋን ነከሳት። ጥርሱ ከሹራቧ አላለፈም፤ እርስዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ በግቢው ውስጥ ብቻዋን መሄድ ፈራች።

ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ፈረደ። ከፊሉ አብዷልና ይገደል አለ፤ ከፊሉም ከከተማ ውጭ አውጥታችሁ ጣሉት አለ። እኛ ግን ዕድሜያችንን በችሎት ፊት መዝገብ ስናቀርብ የኖርን ሰዎች ነንና ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርዱ እንዲፈጸም አልወደድንም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ የሚቀለድበት ነገር ስላይደለ፥ መከታ የተከተበበትን ወረቀት ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ከመረመሩት በኋላ ለ10 ቀን ለብቻው ሆኖ እንዲጠበቅ አዘዙ። ቀኑ ተፈጽሞ ጤነኛ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ግን ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቁን። «ውሻው ከሰንሰለቱ ወጥቶ የሚሄደው መቼ መቼ ነው?» አሉን። እኛም ጥቂት ዝም ብለን፥ «ክረምት ሲወጣ ነው» ብለን መለስን። ሐኪሙ ምንም አልተናገሩንም፤ ቁስሉን ወደ ማጠብ ተመለሱ።

ለሰው ዓይኑ እንደ ሆነለት ለውሻ አፍንጫው ነው። በመንገድ ያለፈው ማን እንደ ሆነ፥ ወደ የትም እንደ ሄደ፥ ወዳጅ ይሁን ጠላት የሚያውቀው በማሽተት ነው፤ ይህም ለርሱ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን የአእምሮው ሥራ ነው። ይህን ሥራ የነሡት ውሻ አእምሮው ሥራ ስለሚያጣ በገዛ ሥጋው ላይ ይሠራል። መዞሩም፥ እግሩን መላሱም፥ በከንቱ መጮኹም ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ክፋት መስሎን በዱላ የመታነው ቀን መኖሩን ስናስበው ዛሬም ያሳፍረናል። ሌሊት በግቢው ውስጥ ይፈታ የለምን የሚል አንባቢ ይኖራል። ይፈታል፤ ነገር ግን ግቢውን አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ የሌሊቱም ነገር ጥበቃ ነው እንጂ ሽርሽር አይደለም።

በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚቸገሩት በሌላ ነገር ነው። በስቶክሆልም በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ድረስ ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል፤ ውሻውን በብርሃን ሊያወጣው የሚወድ ከቀትሩ ዕረፍት ላይ መቁረጥ አለበት። የኛ ክረምት ግን እንደዚያ አይደለም። በአዲስ አበባ በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ ይህም ከታኅሣሡ አንድ ሰዓት ያህል የሚረዝም ነው። እንግዲህ በክረምት የጐደለው ብርሃን ሳይሆን የኛ ፈቃድ ነው። ውሻው ዝናቡን ከኛ ይልቅ ይታገሠዋል።

የምናወጣውም በቀን ነው። በምሽት ጅብ ከየሸለቆው ወደ ከተማው ይወጣል፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾችም በመንጋ ይሄዳሉ፤ ክዳን የሌለው ቦይ በውሃ ተሸፍኖ አይታይም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፥ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ መረጥን። በሥራ ቀን 30 ደቂቃ፥ ችሎት በሚዘጋበት ወራት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ እንሄዳለን።

ከጭቃው ይልቅ የከበደን እፍረቱ ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ላደገ ሰው ውሻ በገመድ ይዞ በሰፈር መታየት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በመጀመሪያው ሳምንት አስቁመውን፥ «ምነው ልጄ፥ ለውሻ አሽከር አደርህ?» አሉን። እኛም በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ አስታወስናቸው። እርሳቸው ግን፥ «ያ ውሻ ራሱ ተከተለ እንጂ ማን ጐተተው?» ብለው ረቱን።

ንግግራቸው እንኳ ጠቀመን። መከታን መጎተት ትተን በአጥሩ ሥር እንደ ወደደ እየቆመ እንዲያሸት ተውነው፤ በችኮላ ከሚሮጥበት አንድ ሰዓት እንዲህ ያለው ግማሽ ሰዓት ይልቅ አሳርፎት እናያለን። ከኩሬ ውሃ እንዲጠጣ ግን አንፈቅድም፤ የአይጥ ሽንት የገባበት ውሃ ለውሻም ለሰውም ብርቱ በሽታ ያመጣልና። ስንመለስም እግሩን እስከ ጣቶቹ መካከል ድረስ በአሮጌ ጨርቅ እናደርቃለን፤ መኝታውንም ከመሬት ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ አደረግንለት። ነጐድጓድ ባለበት ጧት አናወጣውም፤ ያን ቀን ምግቡን በጨርቅ ጠቅልለን በግቢው ማዕዘን ደብቀን በአፍንጫው ፈልጎ እንዲያገኘው እናደርጋለን።

ከ3 ሳምንት በኋላ እግሩን መላሱን እየቀነሰ ሄደ፤ የሌሊት ጩኸቱም የሚሰማው ሰው በበሩ ሲያልፍ ሆነ። በሥራ ብዛት ሁለት ሦስት ቀን ሳናወጣው ስንቀር ግን በአሮጌው ክብ ላይ እንደ ገና ሲዞር እናገኘዋለን። ልጃችን እስከ መስከረም ድረስ ራቅ ብላ ከኋላችን ትከተል ነበር፤ በጥቅምት አንድ ጧት ገመዱን ከእጃችን ወሰደች። ምግቡን ግን እስከ ዛሬ ሳህኑን በእንጨት ገፍታ ነው የምትሰጠው፤ እኛም አንከለክላትም።